መንፈስ ነው ወይስ ጭስ? አስማት የሚሞክሩ አንባቢዎች ስለ ሰውነታቸው የጠየቁን

ባለፈው እትም ስለ ዕጣን ጭስና ስለ አስም በአጭሩ ጽፌ ነበር። ከዚያ በኋላ የደረሱኝ ደብዳቤዎች ግን የአስም ብቻ አልነበሩም። ሻማ አብርተው፣ ቅጠል አጢሰው፣ ቀናት ጾመው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲደግሙ የሚያድሩ ሰዎች ጻፉልኝ። አንዳንዱ ከሰው የተማረ ነው፣ አንዳንዱ ከመጽሐፍ፣ ብዙው ደግሞ ስልኩ ላይ ካየው ቪዲዮ። ጥያቄያቸው ሲጨመቅ አንድ ነው፦ «ሥራውን ስሠራ ሰውነቴ እንዲህ እንዲህ ይሆናል፤ ምልክት ነው ወይስ ሕመም?»

አስቀድሜ ልናገር። አስማት ይሠራል አይሠራም፣ ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን እዚህ አንከራከርበትም። እሱን ከሚመለከተው ሰው ጋር ጨርሱት። ይህ የጤና ዓምድ ነው፤ የኔ ጉዳይ ሳንባ፣ ኩላሊት፣ ዓይንና ልብ ነው። እነሱ ደግሞ ጭሱ ለምን እንደተጨሰ አይጠይቁም። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ስሞቹም ጠያቂዎቹ ለራሳቸው ያወጧቸው የብዕር ስሞች ናቸው።

«ክፍሌ ትንሽ ናት። በርና መስኮቱን ዘግቼ ከሰል ላይ ዕጣንና ቅጠል አጨሳለሁ፤ ጭሱ ሲበዛ መንፈሱ ይቀርባል ስለተባልኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሲሆን ያዞረኛል፣ ግንባሬን ይወቅረኛል፣ ያቅለሸልሸኛል፣ ጉልበቴ ይከዳኛል። መምህሬ ‹መጣልህ ማለት ነው፣ አትፍራ› ይለኛል። በቀደም ከጓደኛዬ ጋር ሆነን ስናደርገው ሁለታችንንም አንድ ላይ ያዘን። እውነት መምጣቱ ነው?» (የጭሱ ልጅ)

ወንድሜ፣ የመጣብህ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይመስለኛል።

ሳላይህ ማረጋገጫ ልሰጥህ አልችልም። ግን ይህን ደብዳቤ ለየትኛውም የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ብታነብለት መጀመሪያ የሚጠይቅህ ስለ ከሰሉ ነው። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት፤ ሁሉም እዚያው ያመራሉ። በተዘጋ ቤት ከሰል ሲነድ የሚወጣው ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ አያስልም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከም ሄሞግሎቢን የሚባል ነገር አለ፤ ይህ ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሆነ ጉልበት እሱ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ ትተነፍሳለህ፣ ደረትህ ከፍ ዝቅ ይላል፣ አንጎልህና ልብህ ግን ኦክስጅን ይርባቸዋል። የበለጠ ያጠራጠረኝ የጓደኛህ ነገር ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲያማቸው፣ ውጭ ወጥተው አየር ሲያገኙ ደግሞ ቀለል ሲላቸው፣ ችግሩ ያለው አየሩ ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ጭሱ ቆሞ ፍሙ ሲቀላ አደጋው ያለፈ ይመስላል። አላለፈም፤ ጭስ የሌለው ፍምም ጋዙን ይለቃል። እንደውም ዓይን የሚያቃጥል ነገር ስለሌለ ሰው ሳይጠረጥር እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ከዚያም አይነሳም። ጣት ላይ የምትደረገው የኦክስጅን መለኪያም አታድንህም። ተራዋ መለኪያ ኦክስጅን የያዘውን ደም ይህን ጋዝ ከያዘው አትለይም፤ አንተ እየታመምክ እሷ 98 ትልሃለች። እውነቱ የሚታወቀው ሕክምና ቦታ በሚደረግ የደም ምርመራ ነው።

ምን ታደርጋለህ? ከሰሉን ከቤት አውጣ። መስኮቱን ትንሽ ገርበብ ማድረግ አይበቃም፤ ከሰል ደጅ ላይ የሚሆን ነገር ነው፣ በቃ። ሥራህ የግድ ቤት ውስጥ ከሆነ ዕጣኑን ያለ ፍም የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለ፤ መስኮት ከፍተህ በሱ ተጠቀም። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ደወል ማግኘት ከቻልክ ግዛ። እንደገና ምልክቱ ከያዘህ ሥርዓቱን አቋርጠህ ሁላችሁም ውጡ። ንጹሕ አየር ላይ ብቻ ብትቀመጥ የጋዙ ግማሽ ከደምህ ለመውጣት ከ4 እስከ 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ሐኪም ቤት በጭንብል ኦክስጅን ቢሰጥህ ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ራሱን የሳተ፣ ደረቱን ያመመው ወይም የተምታታበት ሰው ካለ፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር ካለች፣ ቤት ሆኖ መጠበቅ የለም።

ከሰሉ ቢወጣ እንኳ ጭሱ ራሱ ጭስ ነው። ሰንደልም ሆነ ደረቅ ቅጠል በጣም ደቃቅ ብናኝ ያወጣል፤ ሳንባ ጥግ ድረስ የሚገባው እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የዚህ ብናኝ የ24 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። በተዘጋች ትንሽ ክፍል አንድ ሰንደል ብቻ ከዚያ በጣም ሊያልፍ ይችላል። አስም ያለበት ሰው መንፊያውን ከጎኑ ያድርግ፤ ሕፃን ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ባይኖር ይሻላል።

ስለ መምህርህ ብዙ አልልም። «አትፍራ» ሲልህ እሱ ራሱ ክፍሉ ውስጥ ነበር?

«ዕድሜዬ 58 ነው። ስኳር አለብኝ፣ ኢንሱሊን እወጋለሁ፤ የግፊት ክኒንም እወስዳለሁ። ለአንድ ትልቅ ሥርዓት ሰባት ቀን ያለ ምግብ፣ ከዚያ ውስጥ የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት ያለ ውሃ መቆየት አለብዎት ተብያለሁ። መድኃኒቱም ኃይሉን ያረክሰዋልና ይተዉት አሉኝ። ልጆቼ አልሰሙም። ምን ይመክሩኛል?» (የሰባት ቀኑ)

እርስዎን ማስቀየም አልፈልግም፤ ግን ይህን ጾም አይጹሙ። አለሳልሼ የምነግርበት መንገድ የለኝም።

ኢንሱሊን እየወጉ ካልበሉ ስኳርዎ ይወርዳል። ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሲሆን ያልብዎታል፣ እጅዎ ይንቀጠቀጣል፣ ልብዎ ይመታል፣ ከዚያ ሐሳብዎ ይዘበራረቃል፣ ያልነበረ ነገር መናገር ይጀምራሉ። እዚያ ሥርዓት ላይ ያሉ ሰዎች ደግሞ ይህን «መንፈስ ሲናገርበት» ብለው ሊያዳምጡ ይችላሉ። ስኳር የሚሰጥዎት ሰው ከሌለ መጨረሻው መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ነው። ኢንሱሊኑን ቢያቆሙትስ? ያኔ ደግሞ በሌላው በኩል ይወድቃሉ። ኢንሱሊን ያጣ ሰውነት ስብ እያቃጠለ ደሙን አሲድ ያደርገዋል፤ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ጥልቅና ፈጣን ትንፋሽ፣ የፍራፍሬ ዓይነት የአፍ ጠረን ይመጣል። ይህ በሰዓታት ውስጥ ሰው የሚገድል ነገር ነው። ውሃ መተዉ ሲጨመርበት፣ የግፊት ክኒኑም አብሮ ሲኖር፣ ኩላሊትዎን መካከል ላይ ያስገቡታል።

ሥርዓቱን ካልተዉት የሚሉ ከሆነ የሚቻለው እንዲህ ነው። ላዘዙዎት ሰዎች ሕመምዎን በግልጽ ይንገሯቸው፣ በጾሙ ፋንታ ሌላ ነገር ይጠይቁ፦ ዝምታ፣ ከስልክ መራቅ፣ የሚወዱትን አንድ ነገር መተው። ብዙ ልማዶች ለታመመ ሰው ማቃለያ አላቸው። ማቃለያ የለም ካሉ፣ ስለ ሥርዓቱ ሳይሆን ስለ ሰዎቹ የሚያስቡበት ጊዜ ነው። ለሐኪምዎ ደግሞ «ለተወሰነ ጊዜ ምግብ መቀነስ እፈልጋለሁ፣ መድኃኒቴ እንዴት ይስተካከል?» ብለው ይጠይቁ። ለምን እንደሆነ የመናገር ግዴታ የለብዎትም። ለአንደኛው ልጅዎ ግን ይንገሩት፣ እባክዎ።

እዚህ ላይ ለሌሎቻችሁም ልጨምር፤ ይህ ጥያቄ በብዙ መልክ ስለመጣ። መድኃኒት አቁሙ የሚል ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ስለ መድኃኒቱ አያውቅም። የሚጥል በሽታ ክኒን በድንገት ሲቆም ተከታታይ መንቀጥቀጥ ያመጣል። ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ስቴሮይድ በድንገት ሲቆም ሰውነት የራሱን ማምረት ስለረሳ ሰው ይወድቃል። አንዳንድ የግፊትና የልብ መድኃኒቶች በአንድ ጊዜ ሲተዉ ግፊቱ ከመጀመሪያው በላይ ይዘላል። ጤነኛ የሆነና ከ5 ቀን በላይ ምንም ሳይበላ የቆየ ሰውም ቢሆን «ተፈጸመ» ብሎ ትልቅ ማዕድ ላይ መቀመጥ የለበትም። የተራበ ሰውነት ድንገት ብዙ ምግብ ሲገባበት በደም ውስጥ ያለው ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ያሽቆለቁላል፣ ልብ ምቱን ሊስት ይችላል። ጾሙን ተቋቁሞ አፈታቱ ላይ የታመመ ሰው ብዙ ነው።

«አንድ ዘር አለ፣ በጥቂቱ ከጠጡት የሌላውን ዓለም ያሳያል ይላሉ። ዳቱራ ይሉታል። ስንት ፍሬ ነው ጉዳት የሌለው?» (ሰማያዊ አበባ)

አንቺ ልጅ፣ ቁጥር አልሰጥሽም። ጉዳት የሌለው ቁጥር ስለሌለ።

ዳቱራ አስተናግር የምንለው ተክል ነው። ውስጡ አትሮፒን፣ ስኮፖላሚንና ሃዮስያሚን አለ፤ መጠናቸው ደግሞ ከተክል ተክል፣ አንድ ተክል ላይ እንኳ ከዘሩ ወደ ቅጠሉ ይለያያል። ጓደኛሽ የተረፈችበት መጠን አንቺን ሊገድልሽ ይችላል። አፍ ይደርቃል፣ ላብ ይቆማል፣ ሰውነት ይግላል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ልብ ይሮጣል፣ ሽንት አልወጣ ይላል። የሚታየው ነገር ደግሞ ራእይ ከሚሉት ጋር አይመሳሰልም። ሰውየው ከሌለ ሰው ጋር ያወራል፣ እሳት ውስጥ ይገባል፣ መንገድ ላይ ይወጣል፣ በማግስቱም ምንም አያስታውስም። አንዳንዱን አንድ ሁለት ቀን ሙሉ አይለቀውም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አንድሬስ ላጉና የሚባል ስፔናዊ ሐኪም የጠንቋዮች ነው የተባለ ቅባት አግኝቶ አንዲት ሴት ላይ ሞክሮት ነበር። እሱ እንደጻፈው ሴትየዋ 36 ሰዓት ያህል ተኝታ፣ ስትቀሰቀስ በሕልሟ ያየችውን እውነት ነው ብላ ትከራከር ነበር። ቅባቱ ውስጥ ከነበሩት አንዱ ከዳቱራ ጋር አንድ ቤተሰብ የሆነው ቅጠል ነው። የበረረችበት ቦታ የለም፤ የተመረዘች ሰው ነበረች።

የወሰደ ሰው ካለ፣ «ያልፍለታል» ተብሎ ክፍል ውስጥ አይዘጋበትም። ወደ ድንገተኛ ክፍል፣ ከተቻለ ከተረፈው ዘር ጋር።

«ሁለት ጥያቄ አለኝ። አረንጓዴ ማላካይት ድንጋይ ውሃ ውስጥ አሳድሬ ጠዋት እጠጣዋለሁ፤ ልቤን ይከፍታል ስለተባለ። ሁለተኛ፣ ለገንዘብ የተሠራልኝ ትንሽ ብልቃጥ ነበር፣ ባዜቃ ያለበት። ወድቆ ምንጣፍ ላይ ተሰበረ። ጠረግኩት፣ ግን እንክብል እንክብል ሆኖ እየተበተነ አስቸገረኝ። ጉዳት አለው?» (አረንጓዴዋ)

ከሁለተኛው ልጀምር፣ የሚያስቸኩለው እሱ ነው።

ባዜቃ፣ ማለትም ሜርኩሪ፣ በተራ የክፍል ሙቀት ይተናል። ትነቱ አይታይም፣ አይሸትም። ከተነፈስሽው ውስጥ 80 በመቶ ያህሉ በሳንባ በኩል ደምሽ ውስጥ ይቀራል። መጥረጊያና የኤሌክትሪክ ምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን ሁለቱም ያባብሱታል፤ አንዱ ይበታትነዋል፣ ሌላው አሙቆ ያተነዋል። አሁን ሕፃናትንና ነፍሰ ጡርን ከክፍሉ አውጪ። በሩን ወደ ቤቱ በኩል ዘግተሽ መስኮቱን ወደ ውጭ ክፈቺ። ወርቅ ወይም ብር ጌጥ ካደረግሽ አውልቂው፣ ባዜቃ ይጣበቅበታል። ጓንት አድርገሽ እንክብሎቹን በወፍራም ወረቀት ገፋ ገፋ አድርገሽ ሰብስቢ፣ ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ውስጥ ክተቺ። ትናንሾቹ በባትሪ ብርሃን በጎን ሲታዩ ያብረቀርቃሉ፤ በማጣበቂያ ፕላስተር አንሺያቸው። ቧንቧ ውስጥ አትድፊው። ምንጣፉ የጠጣውን ግን ማውጣት አይቻልም፤ የተነካው ክፍል ተቆርጦ፣ በፕላስቲክ ታሽጎ ይወገዳል። ልብሱንም ማጠቢያ ማሽን ውስጥ እንዳትከቺ። በአካባቢሽ የመርዝ መረጃ ወይም የአካባቢ ጥበቃ ክፍል ካለ አወጋገዱን እነሱን ጠይቂ። ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ያለምክንያት መነጫነጭ ከመጣ ደግሞ ለሐኪም «ሜርኩሪ ተሰብሮብኛል» ብለሽ በግልጽ ተናገሪ፤ ካልነገርሽው ሊገምተው አይችልም።

በዚህ ብልቃጥ የተታለለችው አንቺ ብቻ አይደለሽም። የቻይናው የታንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ዉዞንግ እ.ኤ.አ. በ846 የሞቱት ዘላለም ያኖራል የተባለ የአልኬሚስቶች (ከማዕድን ወርቅና መድኃኒት እንሠራለን የሚሉ ሰዎች) መድኃኒት ሲወስዱ ቆይተው ነው። አይዛክ ኒውተን ራሱ ሌሊት ሌሊት በምድጃው ላይ ባዜቃ ሲያሞቅ የሚያመሽ ሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የፀጉሩ ምርመራ ሲወጣ ብዙ ሜርኩሪ ተገኝቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1693 አእምሮው ታውኮ ጓደኞቹን እስከ መወንጀል የደረሰበት ጊዜ ነበር። ምክንያቱ ባዜቃው ስለመሆኑ ሊቃውንት እስካሁን አልተስማሙም።

ወደ ማላካይቱ ስንመጣ፣ ድንጋዩ የመዳብ ማዕድን ነው። ውሃው ትንሽ ኮምጠጥ ያለ እንደሆነ መዳብ ይለቃል፤ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ያመጣል። በአንድ ሌሊት አትሞቺም፣ ግን በየቀኑ የሚጠጣ ነገር አይደለም። ከዚህ የባሱም አሉ፤ ጋሌና እርሳስ ነው፣ ሲናባር ሜርኩሪ ነው፣ ሪያልጋርና ኦርፒመንት አርሴኒክ ናቸው። እነዚህን ውሃ ውስጥ ማሳደር ይቅርና ዱቄታቸውን በእጅ መንካትም አይገባም። ድንጋዩ የግድ ከውሃው ጋር መሆን ካለበት፣ ውሃውን በተከደነ ብርጭቆ አድርገሽ ድንጋዩን ከውጭ አጠገቡ አስቀምጪው። ሥርዓቱ አልጎደለም፣ ሆድሽም ተረፈ።

«ሦስት ጓደኛሞች ቃል ኪዳን ገብተን በአንድ ምላጭ ጣታችንን ቆርጠን ደማችንን ቀላቅለናል። ከትናንት ወዲያ ነው። አሁን ፈራሁ።» (ሦስተኛው)

መፍራትህ ደግ ነው፣ ሰዓት አለህና። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት ሊጀመር የሚችለው ከተጋለጥክ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር የተሻለ ይሠራል። ይህን ስታነብ ጊዜው እንዳያልፍብህ ብለን በደብዳቤ ለብቻህ መልሰንልሃል፤ እዚህ የማወጣው ለሌላው ነው። የጉበት በሽታ ቢ ቫይረስ ደግሞ ከሰውነት ውጭ፣ የደረቀ ደም ላይ፣ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ክትባቱን ያልተከተበ ሰው ቢቻል በመጀመሪያው 24 ሰዓት፣ ካለፈም በፍጥነት ሄዶ ይጠይቅ። ሄፓታይተስ ሲ ክትባት የለውም፣ ግን ምርመራም ሕክምናም አለው። ቴታነስ መቼ እንደተከተብክም ጠይቅ። ሦስታችሁም ሂዱ፤ አንዱ «እኔ ንጹሕ ነኝ» ስላለ አይቀርም፣ ንጹሕ መሆኑን የሚያውቀው ከተመረመረ ነው።

ደም የግድ ነው የምትሉ፣ ቢያንስ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ አዲስ የታሸገ መብሻ ይሁን፣ ጠብታዎቹም ወረቀት ላይ እንጂ ቁስል ላይ አይገናኙ።

አጫጭሮቹን በአንድ ላይ ላንሳቸው።

በፍጥነት እየተነፈሰች «እጄና ከንፈሬ ሲነዝረኝ ኃይሉ እየገባ ነው» ያለችው ጠያቂ፦ እየገባ ያለ ሳይሆን እየወጣ ያለ ነገር ነው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። እሱ ሲቀንስ የአንጎል የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ጣት ይነዝራል፣ እጅ ይኮማተራል፣ ሰው ይወድቃል። ተቀምጠሽ ወይም ተኝተሽ አድርጊው፣ ሲነዝርሽ አቁሚ። የሚጥል በሽታ ካለብሽ ጨርሶ ተይው። ውሃ ውስጥ ደግሞ ማንም፣ መቼም አያድርገው፤ በፍጥነት ተንፍሶ ትንፋሹን ይዞ የጠለቀ ዋናተኛ ሳይታወቀው ራሱን ይስታል።

በሻማ ብርሃን መስታወት ላይ አፍጥጦ የሌላ ሰው ፊት ያየው ወጣት፦ አልታመምክም። እ.ኤ.አ. በ2010 ጆቫኒ ካፑቶ የሚባል ጣሊያናዊ ተመራማሪ በደብዛዛ ብርሃን ሰዎችን መስታወት ፊት ሲያስቀምጥ አንተ ያየኸውን ነው የዘገቡለት። ዓይን አንድ ቦታ ሲያፈጥ ምስሉ መደብዘዝና መቀየር ይጀምራል። ካስፈራህ መብራት አብራ። ፀሐይ ላይ ማፍጠጥ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው፤ የዓይን መጋረጃ ሕመም የሚሰማው ነርቭ ስለሌለው ሲቃጠል አይነግርህም፣ መሐል ላይ ጥቁር ነጥብ የምታየው ከሰዓታት በኋላ ነው። ጠዋትና ማታ ላይ ስለሆነች አይጎዳም የሚሉህን አትስማ።

ለሰዓታት ተንበርክካ ደግማ ስትነሳ እግሯ አልታዘዝ ያላት እህት፦ መደንዘዝ በደቂቃዎች ከለቀቀ ችግር የለውም። የእግርሽ ጫፍ ወደ ላይ አልነሳ ብሎ መሬት እየጎተተ ከቆየ ግን ከጉልበት ሥር በጎን የሚያልፈው ነርቭ ተጨቁኗልና ለሐኪም ታዪ። በየ20 ደቂቃው አቋቋምሽን መቀየር ድግሙን አያበላሸውም።

ዘይት ስለ መቀባት ለጠየቁት፦ ከዕፅ የተጨመቀ ዘይት ሳይበረዝ ቆዳ ላይ አይደረግም፣ አይጠጣም። ዊንተርግሪን የሚባለው ዘይት አንድ የሻይ ማንኪያ፣ 5 ሚሊሊትር ማለት ነው፣ ከ20 በላይ የአዋቂ አስፕሪን ክኒን የሚያህል መርዝ አለው። ካምፎር ያለበትን ደግሞ ሕፃን ከጠጣው ያንቀጠቅጠዋል። የሽቶ ጠርሙስ ስለሚመስሉ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጡ።

ሻማ በእጅጌዋ ላይ ለተያያዘባት፦ የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ። በረዶ፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና አያስፈልግም። ሻማና ከሚቀጣጠል ነገር መካከል ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ይሁን፣ ፀጉር ይታሰር፣ ሰፊ እጅጌ ይጠቅለል፣ እጅን በአልኮል አሽቶ ወዲያው ክብሪት መጫር የለም።

«ወንድሜ 24 ዓመቱ ነው። ለሌሊት ድግም ብሎ አይተኛም፤ አሁን ሦስተኛ ሌሊቱ ነው። ድካም የለበትም፣ በፍጥነት ያወራል፣ ተመርጫለሁ ይላል፣ ገንዘቡን ለማያውቀው ሰው ሁሉ ይሰጣል። ጠዋት ደግሞ መኪና ይነዳል። አባታችን ‹ተዉት፣ ጸጋው ነው› ይላሉ።» (እህቱ)

እህቴ፣ የሁሉም ደብዳቤ አሳስቦኛል፤ ያንቺ ግን ከሁሉም በላይ።

17 ሰዓት ያልተኛ ሰው አነዳዱ ትንሽ እንደጠጣ ሰው ይሆናል። 24 ሰዓት ሲያልፍ በብዙ አገር ሕግ መንዳት ከሚከለከልበት መጠን በላይ ከጠጣ ሰው ጋር ይስተካከላል። የከፋው ነገር ሰውየው ራሱን ደህና ነኝ ብሎ ማመኑ ነው፤ ዓይኑ ተከፍቶ ለሰከንዶች አንጎሉ ይተኛል፣ እሱ አያውቀውም።

ግን ያንቺ ወንድም ጉዳይ የእንቅልፍ እጦት ብቻ አይመስልም። ተራ ሰው ሦስት ሌሊት ካልተኛ ይደክመዋል፣ ይነጫነጫል፣ ቁጭ ባለበት ያንቀላፋል። ሳይተኛ ጉልበቱ የሚጨምር፣ ወሬው የሚፈጥን፣ ራሱን ከሰው በላይ የሚያይ፣ ገንዘብ የሚበትን ሰው ሐኪሞች ማኒያ የሚሉት ሁኔታ ውስጥ ሊሆን ይችላል። በዚህ ዕድሜ መጀመሩ የተለመደ ነው፣ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ይቀሰቅሰዋል። የሚታከም ነገር ነው። የታይሮይድ ዕጢ መዛባትና አንዳንድ መድኃኒቶችም ሊያመጡት ስለሚችሉ አካላዊ ምርመራም ያስፈልገዋል።

ከሱ ጋር ስለ መመረጡ አትከራከሪ፣ አይረታም፣ አንቺም ትደክሚያለሽ። «ሥራህን ለመቀጠል ሰውነትህ መተኛት አለበት፣ አብረን ሐኪም እንይ» በይው። አባታችሁንም ጸጋ ነው አይደለም በሚል ሳይሆን «ሐኪም ቢያየው ምን ይጎዳል?» ብለሽ ያዣቸው። ራሱን ወይም ሌላ ሰው እጎዳለሁ ካለ፣ ድምፅ እሰማለሁ ካለ፣ ወይም መብላትና መጠጣት ከተወ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። እስከዚያው ብቻውን አይደር፣ ክፍሉ ጨለማና ጸጥ ያለ ይሁን፣ ቡናና ጫት ከአጠገቡ ይራቅ።

የመኪናውን ቁልፍ ግን አሁን፣ ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ፣ ከኪሱ አውጪው።